የጆን ማክኤንሮን ቴኒስ ለማየት ከየትኛው ግጥሚያ ልጀምር?

የድሮ ቴኒስ ወዳጆች በተሰበሰቡበት የጆን ማክኤንሮ ስም አንዴ ከተነሳ ሌላ ወሬ አይኖርም። አንዱ ራኬቱን መሬት ላይ የፈጠፈጠበትን ቀን ያነሳል፤ ሌላው ከዳኛ ጋር የተጨቃጨቀበትን። ሦስተኛው ደግሞ "እሱን ተዉትና ያቺን መረብ ላይ ያስተኛትን ኳስ ታስታውሷታላችሁ?" ብሎ እጁን በአየር ላይ እያወዛወዘ ያሳያል። ችግር የሚመጣው አጠገባቸው የተቀመጠ ወጣት "እኔ እኮ ሲጫወት አይቼው አላውቅም፤ በምን ልጀምር?" ያለ እንደሆነ ነው። ያኔ ሁሉም ባንዴ ይመልሳሉ፤ ሁለት ሰው እንኳ አንድ ግጥሚያ አይጠራም።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ወጣት ነው። ምርጫው የሚከብደው ከብዛቱ የተነሳ ነው። ማክኤንሮ በነጠላ 77 ዋንጫ ወስዷል። 7ቱ የግራንድ ስላም (በየዓመቱ የሚደረጉት አራቱ ታላላቅ ውድድሮች) ናቸው፤ 4 ከዩኤስ ኦፕን፣ 3 ከዊምብልደን። በወንዶች ጥንድ ደግሞ ሌላ 9 ግራንድ ስላም አለው። ከ1981 እስከ 1984 አራቱንም ዓመት በዓለም አንደኝነት ነው የዘጋው። ዩቲዩብ ላይ ስሙን ስትጽፉ ግን ቀድሞ የሚመጣላችሁ ከዚህ ሁሉ አንዱም አይደለም፤ ሲጮህ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ነው። የኔ ጠብ ከዚያ ቪዲዮ ጋር ነው።

(ዓመቶቹንና ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው። ቴኒስ ተጫዋቾች "ሴት" የሚሉትን ደግሞ ከሴት ልጅ ጋር እንዳይምታታብን "ዙር" እለዋለሁ። ዙር በጌሞች የተሠራ ነው፤ 6 ለ 1 ስል የጌሙን ቁጥር ነው።)

ከመምረጣችሁ በፊት እግሩን እዩ

የትኛውንም ግጥሚያ ብትመርጡ መጀመሪያ አንድ ነገር እወቁ፦ ማክኤንሮ ግራኝ ነው። ሰርቭ (ነጥቡ የሚጀመርበትን ምት) ሊመታ ሲቆም ለተጋጣሚው ጀርባውን ሊሰጥ ትንሽ ነው የሚቀረው። ሁለቱ እግሮቹ ከኋላው መስመር ጋር ትይዩ ይሆናሉ። ከዚያ አቋቋም ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ ፊት ለፊት የቆመው ሰው ለማንበብ ይቸገራል። በተለይ ከሜዳው ግራ በኩል ሆኖ ኳሷን ከጎኗ ላጥ አድርጎ ሲመታት፣ ወደ ቀኝ እጀኛው ባክሃንድ (ግራ ጎን) ትታጠፍና ሰውየውን ከሜዳ ውጭ ጎትታ ታወጣዋለች። ሰውየው ኳሷን መልሶ ቀና ሲል ሜዳው ባዶ ነው፤ ማክኤንሮም መረቡ ጋ ደርሷል።

እዚያ ከደረሰ በኋላ ነው ትልቁ ነገር የሚታየው። ክንዱን ወደ ኋላ አይስብም፤ ጉልበትም አያሳይም። ኳሷን ይቀበላታል፣ ይገፋታል፣ አንዳንዴም እንደ ሕፃን ያስተኛታል። የዛሬ ተጫዋቾች ከኋላ መስመር ሆነው እንደ መዶሻ ሲመቱ ላየ ዓይን መጀመሪያ ላይ ቀሰስተኛ ይመስላል። ሁለት ሦስት ጌም ታገሡት። ልምምድ ላይ ሰነፍ እንደነበር ራሱም አይደብቅም፤ ሌሎች ለሰዓታት ኳስ ሲደበድቡ እሱ ጥንድ ይጫወት ነበር። የረጅም ጊዜ የጥንድ አጋሩ ፒተር ፍሌሚንግ "የዓለም ምርጡ ጥንድ ጆን ማክኤንሮና ማንኛውም ሌላ ሰው ነው" ያለው የዋዛ አልነበረም።

ጩኸቱን ፈልጋችሁ ከሆነ

ጩኸቱን ለማየት መፈለግ ነውር የለበትም፤ እኔም አያለሁ። ግን እዚህም ምርጫ አለ፤ ሦስቱ የታወቁ ጠቦች አንድ ዓይነት አይደሉም።

ሁሉም የሚያውቀው በ1981 ዊምብልደን ያደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ ነው፤ ከቶም ጉሊክሰን ጋር። የማክኤንሮ ሰርቭ ወጥቷል ተባለ። እሱም ወደ ዳኛው ዞሮ በኋላ መጠሪያው የሆነችውን ዓረፍተ ነገር ጮኸ፦ "የምርህን ሊሆን አይችልም!" ኳሷ መስመሩን ነክታለች፤ ኖራው እኮ ቦኗል ነው ክርክሩ። ሣር ሜዳ ላይ መስመሩ በነጭ ዱቄት ነገር ስለሚሰመር፣ ኳስ ሲነካው ብናኝ ይነሳል። ለእሱ ያ ብናኝ እንደ ምስክር ነበር። ግጥሚያውን በሦስት ቀጥተኛ ዙር አሸነፈ። ይህን ቪዲዮ አይታችሁ ስታበቁ ስለ ቴኒሱ የምታውቁት ነገር ግን የለም፤ ለዚህ ነው በእሱ አትጀምሩ የምለው።

የ1979ኙ የዩኤስ ኦፕን ምሽት ከኢሊ ናስታሴ ጋር የተደረገው ሌላ ነው። ያን ቀን ነገረኛው ናስታሴ ነበር፤ የ20 ዓመቱ ማክኤንሮ ጨዋ መስሎ ቆሟል! ሮማኒያዊው ነገር እያንዛዛ ዳኛውን ፍራንክ ሃሞንድን አናደደው። ሃሞንድም ተሸንፈሃል ብሎ ጨዋታውን ሲዘጋ ተመልካቹ ተነሳ፤ ሜዳውም የገበያ ግርግር መሰለ። በመጨረሻ ከወንበሩ የወረደው ዳኛው ሆነ፤ የውድድሩ ዋና ኃላፊ ማይክ ብላንቻርድ ተተክቶ ጨዋታው ቀጠለ፤ ማክኤንሮም በአራት ዙር አሸነፈ። የዚያ ዘመን የኒው ዮርክ ማታ ምን ይመስል እንደነበር ማየት ለሚፈልግ ከዚህ የተሻለ የለም።

ሦስተኛው የ1990ው የአውስትራሊያ ኦፕን ነው፤ ከስዊድናዊው ሚካኤል ፔርንፎርስ ጋር። ከሦስቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ዋጋ የተከፈለበት ቁጣ ይህ ነው። ማክኤንሮ 2 ዙር ለ 1 እየመራ ነበር። አንዲት የመስመር ዳኛ ፊት ቆሞ ኳስ በራኬቱ እያነጠረ አፈጠጠባት፤ ማስጠንቀቂያ። ራኬቱን ሰበረ፤ የነጥብ ቅጣት። ቀጥሎ ኃላፊዎቹን ሰደበ፤ ዳኛው ጌሪ አርምስትሮንግም ጨዋታው አብቅቷል አለ። ማክኤንሮ አንድ ደረጃ የቀረው መስሎት ነበር። ድሮ ከማባረር በፊት የጌም ቅጣት ነበረና፤ ደንቡ በዚያው ሰሞን ወደ ሦስት ደረጃ ማጠሩን ልብ አላለውም። ፊቱን እዩት። ሲጮህ የኖረ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው ሲያጣ የሚታይበት ነው።

ስለ ቁጣው የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ ከዓይኑ የመጣ ይመስለኛል። ኳስን በዚያ ጥራት የሚያይ ሰው፣ ሌላው ያላየውን እንዳላየ መቀበል ያቅተዋል። ዛሬ ያ ሁሉ ክርክር ማሽን ላይ ወድቋል። ሆክ-አይ የተባለው ኳስ ተከታታይ የካሜራ ሥርዓት በ2006 ዩኤስ ኦፕን ገባ፣ በዓመቱ ዊምብልደን፤ በ2025 ደግሞ ዊምብልደን የመስመር ዳኞቹን ጨርሶ አሰናበተ። ይህ ግን ስድቡን አያጸድቅለትም። እዚያ ተቀምጠው የሚሰደቡት ሰዎች መልስ መስጠት የማይፈቀድላቸው ነበሩ።

ከቦርግ ጋር፦ ሦስት ፍጻሜዎች፣ ሦስት የተለያዩ ሰዎች

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ማክኤንሮና ስዊድናዊው ቢዮርን ቦርግ ከ1978 እስከ 1981 14 ጊዜ ተገናኝተው 7 ለ 7 ናቸው። ቦርግ በሜዳ ላይ ፊቱ የማይነበብ ሰው ነበር፤ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ያው ነው። ከኋላ መስመር ሆኖ ኳስን ይመልሳል፣ ይመልሳል፣ አሁንም ይመልሳል። አንዱ መረቡን ሲያጠቃ ሌላው ከኋላ ሆኖ በጎኑ ሲያሳልፍ ማየት ነው የዚህ ፉክክር ጣዕም። ሁለቱም ያኔ የሚጫወቱት በትንሿ የእንጨት ራኬት ነው፤ ድምፁም ከዛሬው ይለያል፤ ደረቅ፣ አጭር።

ሊመረጡ የሚችሉት ሦስት ፍጻሜዎች ናቸው፦ የ1980 ዊምብልደን፣ የ1980 ዩኤስ ኦፕን፣ የ1981 ዊምብልደን። ማክኤንሮ ሁለቱን አሸንፏል፤ እኔ የምመክረው ግን የተሸነፈበትን ነው።

ሐምሌ 5 ቀን 1980። (እኛ ያንን ክረምት የምናስታውሰው በምሩፅ ይፍጠር ነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሞስኮ ላይ 10,000ውን፣ ቀጥሎም 5,000ውን ሲወስድ።) ማክኤንሮ 21 ዓመቱ ነው፤ ቦርግ 24። ማክኤንሮ በግማሽ ፍጻሜው ከጂሚ ኮነርስ ጋር ሲጫወት ከዳኛ ጋር ስለተጋጨ፣ ለፍጻሜው ሴንተር ኮርት (ዋናው ሜዳ) ሲገባ ሕዝቡ በተቃውሞ ጩኸት ነበር የተቀበለው። በዚያ ሜዳ ይህ ያልተለመደ ነው። ልጁ ግን አፉን አልከፈተም፤ የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 1 ወሰደ። ቦርግ ሁለተኛውን 7 ለ 5፣ ሦስተኛውን 6 ለ 3 መለሰ። በአራተኛው ዙር ቦርግ 5 ለ 4 እየመራ፣ በራሱ ሰርቭ፣ በአንድ ነጥብ ዋንጫውን የሚወስድበት ሁለት ዕድል አገኘ። ማክኤንሮ ሁለቱንም አከሸፈበት። 6 ለ 6 ሆነና ታይብሬክ ተገባ።

ታይብሬክ ማለት ሰባት ነጥብ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል፤ ግን በሁለት መብለጥ አለበት። ይሄኛው ሰባትም፣ አሥርም፣ አሥራ አምስትም አልበቃው አለ። 34 ነጥብ፤ ሃያ ደቂቃ ያህል። ቦርግ አምስት ጊዜ ለዋንጫ አንድ ነጥብ ብቻ ቀረው፤ አምስቱንም ጊዜ ማክኤንሮ ነጠቀው። ማክኤንሮ ደግሞ ዙሩን ለመዝጋት ስድስት ዕድል አምልጦት በሰባተኛው ዘጋው፤ 18 ለ 16። ሁለቱም የሚመቱት ለመትረፍ ብለው አይደለም፤ ለማሸነፍ ነው። ማክኤንሮ የዋንጫ ነጥብ ተመትቶበት ወደ ኳሷ ሲወረወር፣ ቦርግ ደግሞ ያመለጠውን ነጥብ ትቶ ፊቱ ሳይለወጥ ወደ ቦታው ሲመለስ እያያችሁ፣ ማን ይሻላል የሚለው ጥያቄ ከአእምሯችሁ ይጠፋል።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው የሚረሳው ክፍል ይመጣል። ሰባት የዋንጫ ነጥብ ከእጁ ያመለጠው ሰው በአምስተኛው ዙር መሰበር ነበረበት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነጥቦችም በራሱ ሰርቭ አጣ። ከዚያ ወዲያ ግን ሰርቩን የሚደፍር አልተገኘም፤ 8 ለ 6 አሸነፈና ተንበረከከ። በተከታታይ አምስተኛ ዊምብልደኑ። ግጥሚያው 3 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ፈጅቷል። ሲገባ የተጮኸበት ማክኤንሮም ሲወጣ ተጨበጨበለት።

እንግዲህ ለምን በዚህ ጀምሩ እላለሁ? ማክኤንሮ በዚህ ሁሉ መሃል ዝም ስላለ ነው። እድሜ ልኩን ከዳኛ ጋር የተጣላ ሰው፣ በሕይወቱ ትልቁ በሆነው ግጥሚያ ላይ የሚጣላው አላገኘም። በቦርግ ፊት መጮህ ያሳፍረው እንደነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል። ይህን ካያችሁ በኋላ ያ የጩኸት ቪዲዮ ሌላ ይመስላችኋል፤ ያኔ ተመልሳችሁ እዩት።

ሌሎቹ ሁለቱስ? የ1980 ዩኤስ ኦፕን ፍጻሜ የተደረገው ከሁለት ወር በኋላ በፍላሺንግ ሜዶውስ ነው፤ ማክኤንሮ ባደገበት ኩዊንስ ውስጥ። ሜዳው ሣር ሳይሆን ጠንካራ ነው፤ ከላይ ከላጋርዲያ የሚነሳው አውሮፕላን ያጉረመርማል። ማክኤንሮ ሁለት ዙር መርቶ፣ ቦርግ አቻ አድርጎት፣ በአምስተኛው 6 ለ 4 አሸነፈ። ከ4 ሰዓት በላይ የሄደ ነው። አድናቂዎች መካከል "ከዊምብልደኑ ይበልጣል" የሚል አታጡም። በጨዋታ ጥራት ብዙም አይራራቁም፤ ግን ያንን ታይብሬክ የሚያህል ማዕከል የለውም። ሁለተኛ አድርጉት።

የ1981 ዊምብልደን ፍጻሜን በተመለከተ ለውጤቱ ስትሉ እዩት፤ ማክኤንሮ በአራት ዙር አሸንፎ ቦርግ በዊምብልደን በተከታታይ ያሸነፋቸውን 41 ግጥሚያዎች ሰንሰለት በጠሰ። በመስከረም ኒው ዮርክ ላይ ደገመው። ቦርግ ያን ቀን የዋንጫውን ሥነ ሥርዓት ሳይጠብቅ ነበር ከሜዳው የወጣው፤ ከዚያ በኋላ አንድም ግራንድ ስላም አልተጫወተም። በ26 ዓመቱ ቴኒስን ተወ። ማክኤንሮ ከዚህ መለያየት የከሰረ ይመስለኛል፤ ፊቱ ዝም የሚልለት ሰው ዳግም አላገኘምና።

1984፦ ለንደን ወይስ ፓሪስ

በ1984 ማክኤንሮ 82 ግጥሚያ አሸንፎ የተሸነፈው 3 ብቻ ነው። ይህን ዓመት ለማየት የሚፈልግ ሰው ፊት ሁለት ፍጻሜዎች ይቆማሉ፤ በአራት ሳምንት ልዩነት የተደረጉ፣ እንደ ቀንና ሌሊት የማይገናኙ።

የለንደኑ ቀላል ነው። የዊምብልደን ፍጻሜ፣ ጂሚ ኮነርስ፣ 6 ለ 1፣ 6 ለ 1፣ 6 ለ 2፤ 80 ደቂቃ። ኮነርስ ተራ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው ሜዳ ማክኤንሮን በአምስት ዙር አሸንፎ ዋንጫ የወሰደ ሰው ነው። ያን ቀን ግን አልተገኘም ማለት ይቻላል። ማክኤንሮ ከእንጨት ራኬት ወደ ግራፋይት ተሻግሯል፤ እጁ ግን ያው ነው። ሥራ ላላችሁ፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ብቻ ላላችሁ፣ ቴኒስ ሲጠራ ምን እንደሚመስል ለማየት ለምትፈልጉ ይህ ነው። አስደሳች ፉክክር ለሚፈልግ ግን ይሰለቻል፤ አንድ ሰው ብቻውን ሲዘፍን እንደማዳመጥ ነው።

ፓሪስ ሌላ ታሪክ ነው። ሰኔ 10፣ ሮላን ጋሮስ (የፈረንሳዩ ግራንድ ስላም)፣ ተጋጣሚው ኢቫን ሌንድል። ማክኤንሮ በዚያ ዓመት እስከዚያች ቀን አልተሸነፈም፤ 42 ለ 0። የሮላን ጋሮስ ቀይ የሸክላ ሜዳ ኳስን ያቀዘቅዛል፣ ከፍ አድርጎም ያነጥራታል። መረብ ለሚወጣ ተጫዋች ጠላቱ ነው፤ ተጋጣሚው አሳልፎ የሚመታበት ጊዜ ያገኛልና። ከ1955 ወዲህ አንድም አሜሪካዊ ወንድ ያንን ዋንጫ አላነሳም ነበር። ማክኤንሮ ግን በዚያ ሜዳ ላይ እንደ ሣር እየተጫወተ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች 6 ለ 3 እና 6 ለ 2 ወሰደ። እነዚህ ሁለት ዙሮች፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ በሸክላ ሜዳ ላይ ከተደረገ የማጥቃት ቴኒስ ሁሉ እጅግ ውብ የሆኑት ናቸው ብዬ ብምል አላፍርም።

ሦስተኛው ዙር እንደተጀመረ ከሜዳው ጠርዝ የተቀመጠ የአንድ ካሜራ ባለሙያ ጆሮ ማዳመጫ ድምፅ አፈሰሰ። ማክኤንሮ ሄደ፤ ማዳመጫውን ይዞ ጮኸበት። እዚያች ቅጽበት ላይ ግጥሚያው ተገለበጠ የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ፤ ሌንድልም እየተሻለው፣ ከማክኤንሮ ራስ በላይ የሚያሻግራቸው ኳሶችም ልክ እየገቡለት ነበር፤ የማክኤንሮ እግርም ደክሟል። ቢሆንም ከቦርግ ጋር ያልታየው ነገር እዚህ ታየ፤ ዝምታው ጠፋ። 6 ለ 4፣ 7 ለ 5፣ 7 ለ 5። መጨረሻ ላይ ቀላል የምትመስል የፎርሃንድ ቮሊ (ኳሷ ሳትነጥር የምትመታ ምት) ወደ ጎን ወጣችበት። ከዚያ በፊት አራት የግራንድ ስላም ፍጻሜ የተሸነፈው ሌንድል የመጀመሪያውን ወሰደ። ማክኤንሮ ሮላን ጋሮስን በነጠላ አንድም ጊዜ አላሸነፈም፤ ያ ቀን ዛሬም እንደሚያመው በአደባባይ ተናግሯል።

ለንደን ወይስ ፓሪስ ከተባለ፣ ቴኒሱን ለሚፈልግ ለንደን፤ ሰውየውን ለሚፈልግ ፓሪስ። ሁለቱንም ማየት ለሚችል ደግሞ በተደረጉበት ቅደም ተከተል ቢያያቸው ይሻላል፤ ለንደን ላይ ለምን እንደዚያ አድርጎ እንዳደቀቀው የሚገባው ከፓሪስ በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት መስከረም 8 ቀን፣ ዩኤስ ኦፕን ላይ አንድ የማይረሳ ቅዳሜ አለ። ከረፋዱ 5 ሰዓት ተጀምሮ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ያለቀ የጨዋታ ቀን ነው። ሌንድል ፓት ካሽን በአምስት ዙር፣ ማርቲና ናቭራቲሎቫ ክሪስ ኤቨርትን በሦስት፣ መጨረሻ ላይ ማክኤንሮ ኮነርስን በአምስት። ስለ አንድ ሰው ሳይሆን ስለ ዘመኑ ማወቅ የፈለገ ይህን ቀን ይዞ ቢቀመጥ ከምርጫ ሁሉ ይገላገላል። በማግስቱ ማክኤንሮ ሌንድልን 6 ለ 3፣ 6 ለ 4፣ 6 ለ 1 አሸነፈ። 25 ዓመቱ ነበር፤ በነጠላ የመጨረሻው ግራንድ ስላሙ መሆኑን ማንም አላሰበም። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ፍጻሜ ሌንድል ገለበጠው፤ ከዚያ በኋላ የጉልበት ዘመን መጣ።

ለትዕግሥተኞችና ለጥንድ ወዳጆች

በ1982 ሴንት ሉዊስ ላይ አሜሪካና ስዊድን በዴቪስ ካፕ (በአገሮች መካከል በሚደረገው ውድድር) 2 ለ 2 ሆነው ሁሉ ነገር በመጨረሻው ግጥሚያ ላይ ተንጠለጠለ። የማክኤንሮ ተጋጣሚ በዚያው ዓመት ሮላን ጋሮስን ያሸነፈው የ17 ዓመቱ ማትስ ቪላንደር ነው። 9 ለ 7፣ 6 ለ 2፣ 15 ለ 17፣ 3 ለ 6፣ 8 ለ 6፤ 6 ሰዓት ከ22 ደቂቃ። ታይብሬክ የለም። ይህን ሙሉውን ተቀምጣችሁ እዩ ብዬ ለማንም አልመክርም፤ እኔም አልጨረስኩትም። የምጠቅሰው ለአንድ ምክንያት ነው። ብዙ ታላላቅ ተጫዋቾች ለአገራቸው መጫወቱን እንደ ትርፍ ሥራ በሚያዩበት ጊዜ እሱ ሲጠሩት አቤት ይል ነበር፤ ከቡድኑ ጋር አምስት ጊዜ ዴቪስ ካፕ አንስቷል።

ጥንዱን ከፈለጋችሁ ከፍሌሚንግ ጋር ያሸነፋቸውን የዊምብልደን ፍጻሜዎች ቅንጭብ ፈልጉ፤ የትኛውም ይሁን። የመረብ ላይ እጁን ለማጥናት ከነጠላው ይልቅ ይሄ ይሻላል፤ ሩጫው ስለሚቀንስ እጁ ብቻ ይታያል። በ2006 በ47 ዓመቱ ከዮናስ ቢዮርክማን ጋር ተጣምሮ ሳን ሆዜ ላይ ዋንጫ የወሰደውም ይኸው እጅ ነው።

እንግዲህ ከየት?

ሃያ ደቂቃ ብቻ ካላችሁ የ1980ውን ታይብሬክ፤ ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡና። አንድ ምሽት ካላችሁ ያንኑ ፍጻሜ ሙሉውን፤ በተለይ አምስተኛውን ዙር እንዳትዘሉት። ቅዳሜና እሑድ ካላችሁ የ1984ን ፓሪስ ቅዳሜ፣ ለንደንን እሑድ። ከልጆች ጋር የምታዩ ከሆነ የለንደኑን አስቀድሙ፤ አጭር ነው፣ ስድብም የለበትም። የጉሊክሰኑን ጩኸት መጨረሻ ላይ፣ ከሻይ ጋር።

ከቅርብ ጓደኞቼ አንዱ በዚህ ቅደም ተከተል አይስማማም። ለእሱ መጀመሪያም መጨረሻም የፓሪሱ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ቴኒስ አላየሁም ይላል። ስንት ጊዜ አይተኸዋል ብዬ ስጠይቀው ቁጥሩን አያውቀውም። ሁልጊዜ ግን ሁለተኛው ዙር 6 ለ 2 እንዳለቀ ቪዲዮውን ይዘጋዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አንድም ቀን አላየሁም ይላል፣ ማን እንዳሸነፈም መስማት አይፈልግም።